ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ ለምናለሽ ተራው ጋሼ

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ያደረሰኝ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ሥራዬ ስታንት ነው፤ በፊልም ውስጥ አደገኛውን መዝለልና መውደቅ የምሠራ ሰው ነኝ። ቀረጻ ላይ የወደቅኩበትን ቪዲዮ አብዛኞቻችሁ ስላያችሁት አልደግመውም። ወገቤ ውስጥ ብሎን አለ፣ በክራንች እሄዳለሁ፣ ጉርሻ የሚያጎርሰኝ ሰውም አያስፈልገኝም። ለጊዜው ይበቃል።

ምስጋናውን ከማን ልጀምር ብዬ ባወጣ ባወርድ፣ ሐሳቤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ካርቶን የሚሸጡት ጋሼ ጋ ነው የሚያርፈው። ስሜን እንዳትጽፍ ብለው አስምለውኛል። ስታንት ሠሪ ከፎቅ ሲዘል ተመልካቹ ከታች ፍራሽ ያለ ይመስለዋል። ፍራሽ ብቻውን ግን መልሶ ያነጥራል። ባዶ ካርቶን ታሽጎ፣ ተደራርቦ፣ ዙሪያውን በገመድ ታስሮ፣ ፍራሽ ሲጣልበት ነው እየተጨፈለቀ የአወዳደቁን ጉልበት የሚበላው። እርጥበት የነካው አንድ ካርቶን መሐል ከገባ እዚያ ጋ ጉድጓድ ማለት ነው።

ይህን ለጋሼ ማንም አላስተማራቸውም። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን "ለምንህ ነው?" ሲሉኝ "ልወድቅበት" አልኳቸው፤ አማተቡ። ከዚያ ወዲህ የኔን ለይተው ማስቀመጥ ጀመሩ። ክረምት ሲመጣ ከመሬት ከፍ አድርገው ላስቲክ ያለብሱታል። የእያንዳንዱን ማዕዘን በአውራ ጣታቸው ጫን እያደረጉ "ይሄ ለሽንኩርት፣ ይሄ ለልጄ" እያሉ ይለያሉ።

ያን ቀን ጎኔ ያረፈው ሲሚንቶ ላይ ነው፤ አንገቴና ጭንቅላቴ ያረፉት የጋሼ ካርቶን ላይ። ሐኪሙ ራጁን አሳይቶኝ "አንገትህ ተርፏል" ሲለኝ... ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም እንዲህ ነው የምሆነው።

ሆስፒታል ስተኛ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ይመጣሉ። የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል ሲሏቸው "አባቱ ነኝ" ብለው ይገባሉ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ነርሶቹ ግን እስክወጣ ድረስ እውነት መስሏቸው ነበር። አንድ ቀን "ሰፋ አድርጌ ብልክልህ ኖሮ" ብለው ራሳቸውን ሲወቅሱ ሰማኋቸው። ጋሼ፣ እርስዎማ አብዝተው ነው የላኩት! "ካሜራ ውስጥ ይገባል" ብሎ ግማሹን ያስነሳው ሰው ራሱን ያውቃል። በምስጋና ደብዳቤ ስሙን አላነሳም።

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ እህቴ፣ ስጮህብሽ ዝም ብለሽ እግሬን ማጠፍሽን አልረሳም። ባለቤቴ ደግሞ እዚህ ብጽፍላት አትወድም፤ እቤት እንነጋገራለን።

ተማሪዎቼ፣ አልጋዬ ስር ቡጢ እየተለማመዳችሁ ክፍሉን አስቃችሁታል። ካሜራው በትክክል ከተቀመጠ ቡጢው ከአገጭ ስንዝር ርቆ ቢያልፍም የመታ ይመስላል፤ እውነት የሚያስመስለው ግን የተመቺው አንገት አዟዟር ነው ብዬ ሳርማችሁ ሕመሙን እረሳው ነበር። እናንተ ሁለታችሁ አሁንም ቀድማችሁ ትዞራላችሁ።

በሃሪ ፖተር ፊልሞች በአደገኛ ትዕይንቶች የተዋናዩ የዳንኤል ራድክሊፍ ምትክ (ደብል) የነበረውን የዴቪድ ሆምስን ታሪክ የላክህልኝ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በ2009 ልምምድ ላይ ተጎድቶ ዛሬም በዊልቸር ነው፤ ቀልዱ ግን አልጠፋም። በማግስቱ ነው ክራንቹን አምጡልኝ ያልኩት። የኦስካሩን ዜና የላካችሁልኝም ብዙ ናችሁ፤ ሽልማቱ ከ1929 ጀምሮ ሲሰጥ ኖሮ ለስታንት ዲዛይን ቦታ ያገኘው ገና አሁን፣ በፈረንጆቹ 2027 ለሚወጡ ፊልሞች ነው። ለጋሼ ሳነብላቸው "ለካርቶንስ አይሰጡም?" አሉኝ።

ገንዘብ ያዋጣችሁ የአገር ቤት፣ የዲሲና የዱባይ ወገኖቼ፣ የፊልም ባለሙያዎች፣ የቴኳንዶና የዉሹ ክለቦች፣ በጸሎትና በዱዓ ያሰባችሁኝ ሁሉ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈል። ስማችሁን ያልጠራሁ አትቀየሙኝ፤ የማደንዘዣው ሰሞን የመጡትን እነማን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም።

ሐኪሜ ከእንግዲህ መውደቅ የለም ብሏል፤ ማስወደቅ ግን አልከለከለኝም። ከትንሣኤ በኋላ ልጆቹን ይዤ ቀረጻ እገባለሁ። ጋሼ፣ የካርቶኑን ብዛት ደውዬ እነግርዎታለሁ። ስፋቱን የምወስነው እኔ ነኝ፣ ከአሁኑ ማስቀመጥ ይጀምሩልኝ።