ይድረስ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፦ ወንዙ ተለካ፣ እኛስ?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ስለ ጎመን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከጉሊት ሁለት እስር ገዛሁ። «የየት ነው?» አልኳት ሻጯን። «የአቃቂ፤ ዛሬ ጠዋት የተቀነጠሰ!» አለችኝ በኩራት። እውነቷን ነው፣ ጤዛው እንኳን አልደረቀም። እናቴ እንደ ልማዷ በጨውና በአቼቶ ዘፈዘፈችው። አቼቶ ለጀርም ይረዳል። ካድሚየምን የመሰለ መርዛማ ብረት ግን ተክሉ በሥሩ ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በማጠብ አይወጣም። ይህን ለእማዬ እንዴት ብዬ ልንገራት? ጎመኑንም በላነው።

ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች የቆዳ ፋብሪካውን፣ የጋራዡን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ቆሻሻ ሁሉ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። በዳርና ዳሩ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ይለማል። ተመራማሪዎች ውሃውንም፣ አፈሩንም፣ አትክልቱንም ደጋግመው መርምረው ከባድ ብረቶች አግኝተዋል።

ወንዝ ውስጥ ያለው መጠንና ሰው ሰውነት ውስጥ የሚገባው ግን ለየቅል ነው። በሳምንት አንዴ ጎመን የሚቀምስ ሰው አለ። ዓቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን በጎመንና በሽሮ የሚገፋም አለ። (ሰው ከምግቡ ምን ያህል ብረት እንደሚወስድ የሚገምት፣ ከውጭ የተቀዳ ቀመር ጾማችንን የት ያውቀዋል?) ሞተር ይዞ እስከ ጉልበቱ ጥቁር ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያጠጣው ገበሬስ? ጭቃ ነክቶ ጣቱን የሚጠባው ልጁስ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ (ሊድ የሚባለው ከባድ ብረት) ሰውነቱ የሚወስደው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ እርሳስ ከተገኘ ደግሞ ምንጩ ይፈለግ ይላል። ምንጩን ለመፈለግ መጀመሪያ ደሙ መመርመር አለበት።

ስለዚህ ባለሙያ ላኩልን። ቤት ለቤት ይዙር። ምን እንደምንበላ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ውሃ ከየት እንደምንቀዳ ይጠይቅ። የገበሬዎቹንና የልጆቻቸውን ደም ይመርምር። ውጤቱን ለየቤተሰቡ ለብቻ ንገሩት፤ የአካባቢውን ጥቅል ቁጥር ደግሞ በአማርኛ ወረዳው ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን። አደራ፣ ሪፖርቱ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር።

ገበሬዎቹን አባሩልን ማለቴ አይደለም፣ እንጀራቸው ነው። ወንዙን ያጠቆሩትም እነሱ አይደሉም።

ለምርመራው ፈቃደኛ ሰው ከጠፋ እኔና እናቴ አለን። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላፍቶ ነዋሪ