ማስተማርን የምርምር ሌባ አታድርጉት

ሰላም ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ስለ ዩኒቨርስቲ መምህራን ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ብዙው ነገር እውነት ነው አልከራከርም፣ ግን ጎበዝ ተመራማሪ በሚያወጣው የፔፐር (የምርምር ጽሁፍ) ብዛት ይለያል፣ ማስተማር ደሞ ጊዜውን ይሰርቅበታል የምትለዋ ነገር አልዋጥልኝ አለች። ለሁሉም የትምህርት መስክ መናገር አልችልም፣ ስለራሴ መስክ ግን ዝም ብዬ ማለፍ ከበደኝ።

የኔ ሙያ ዲስትሪቢዩትድ ሲስተምስ ነው፣ ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ብዙ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ተገናኝተው ለተጠቃሚው እንደ አንድ ማሽን ሆነው እንዲሰሩ ማድረግ ማለት ነው፣ አንዱ ክራሽ ቢያደርግ እንኳን ሌሎቹ ስራውን እንዲቀጥሉት። ሲወራ ቀላል ነው። ጣጣው መልስ ያልሰጠህ ማሽን ሞቶ ይሁን ወይ ኔትወርኩ ዘግይቶበት ይሁን ከሩቅ ሆነህ መለየት አለመቻልህ ነው። ፊሸር፣ ናንሲ ሊንች እና ፓተርሰን በ1985 (በፈረንጆቹ) ይሄን ጣጣ በሒሳብ ቁጭ አደረጉት፣ መልእክት መቼ እንደሚደርስ ምንም ገደብ በሌለበት ሲስተም ውስጥ አንድ ማሽን ብቻ እንኳን ሊሞት የሚችል ከሆነ፣ ራንደም (በዕጣ የሚወሰን) ነገር ሳይጠቀም ማሽኖቹን ሁሌም ወደ ስምምነት የሚያደርስ አልጎሪዝም (ደረጃ በደረጃ የተቀመጠ የአሰራር ዘዴ) ሊኖር አይችልም አሉ። ፔፐሯ 9 ገጽ ናት። እስከዛሬ እናስተምራታለን። በቆጠራ ከሄድን ግን ያው 1 ናት፣ ማንም ዞር ብሎ ያላያት ፔፐርም 1 ናት።

ሌስሊ ላምፖርትንም ውሰዱ። ፓክሶስ የሚባለውን፣ ማሽኖች አንድ ውሳኔ ላይ የሚስማሙበትን አልጎሪዝም ጽፎ ለጆርናል የላከው በ1990 ነው፣ በአንድ የግሪክ ደሴት ላይ የነበረ የጥንት ፓርላማ ታሪክ አስመስሎ ነበር የጻፈው፣ ገምጋሚዎቹ ብዙም አልመሰጣቸውም፣ የፓርላማውን ወሬ አውጣው አሉት፣ እሱም ቀልድ የማይገባቸው ሰዎች ናቸው ብሎ ተናዶ ተወው። የታተመው በ1998 ነው። ስምንት አመት! ደግነቱ ሰውየው ያኔ የሚሰራው የካምፓኒ የምርምር ላብራቶሪ ውስጥ ነበር፣ የኛን አይነት የደረጃ እድገት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለዚች ፔፐር ሲያስረዳ ሳስበው ያስቀኛል። በ2013 የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት፣ የቱሪንግ ሽልማትን ወሰደ።

አሁን ወደ ማስተማሩ ልምጣ። ፓክሶስ ታተመ ግን ተማሪ አልገባውም፣ ኢንጂነሩም አልገባውም፣ እውነቱን ለመናገር መምህሩም እንደገባው አስመስሎ ነበር ሚያስተምረው። ስታንፎርድ ውስጥ ዲዬጎ ኦንጋሮ የሚባል የፒኤችዲ ተማሪ ከአድቫይዘሩ ከጆን አውስተርሃውት ጋር ሆኖ ሌላ ጥያቄ ይዞ ተነሳ፣ ፍጥነት አይደለም፣ ሰው ሊረዳው የሚችል አልጎሪዝም እንስራ ነው ያሉት። ልክ እንደ ፓክሶስ ማሽኖችን የሚያስማማው ራፍት ተወለደ፣ በ2014 ታተመ። ከዛ ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ለ43 ተማሪዎች ሁለቱንም አስተምረው ፈተኗቸው፣ 33ቱ በራፍት ጥያቄ የተሻለ ውጤት አመጡ። ይሄ እንግዲህ ምርምር ነው ማስተማር ነው? ዛሬ ኩበርኔቲስ (በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚሰሩ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ሙሉ ሁኔታውን የሚያስቀምጥበት ኢቲሲዲ የሚባል ዳታቤዝ የሚሰራው በራፍት ነው፣ ማለትም ተማሪ እንዲገባው ተብሎ የተሰራው ነገር ነው የስንቱን ካምፓኒ ሰርቨር ይዞ ያለው።

እና እኔም ራፍትን በላብ (በተግባር ልምምድ) ነው ማስተምረው፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ኮዱን ይጽፉታል። በየሴሚስተሩ የማይቀር አንድ ነገር አለ። ተማሪ ይመጣል፣ "መምህር ኮዴ ይሰራል፣ ቴስቱም ያልፋል፣ ግን አንዳንዴ ዝም ብሎ ይወድቃል" ይላል። አንዳንዴ የምትለዋ ቃል ናት ሙሉ ኮርሱ። በራፍት ሰርቨሮቹ ሌሎቹን የሚመራ አንድ መሪ ሰርቨር በድምጽ ይመርጣሉ፣ እያንዳንዱ የምርጫ ዙር ተርም ይባላል፣ ሎጉን (ፕሮግራሙ ያደረገውን የመዘገበበትን ፋይል) ከፍተን ስናይ በአንድ ተርም ውስጥ ሁለት መሪ ተመርጧል፣ መሆን የለበትም፣ ለመመረጥ የአብላጫው ድምጽ ያስፈልጋል፣ አንድ ሰርቨር ደሞ በአንድ ተርም አንዴ ብቻ ነው ድምጽ ሚሰጠው። ወደኋላ እየሄድን መስመር በመስመር እንፈልጋለን፣ ለካ አንዱ ሰርቨር ድምጽ ሰጥቶ ወዲያው ክራሽ አርጓል፣ ሲነሳ ለማን እንደሰጠ ረስቶ ለሌላኛው ተወዳዳሪም ሰጠው። ልጁ ድምጹን ዲስክ ላይ ሳይጽፍ ነበር እሺ ብሎ የመለሰው። ሁለት መስመር ኮድ ቦታ መቀያየር ነው፣ አለቀ። ግን ያ ልጅ ከዛ በኋላ ዕድሜ ልኩን ቃል ከመስጠቱ በፊት መጻፍ እንዳለበት አይረሳም፣ ይሄን በስላይድ ብነግረው ኖሮ ለፈተና ሸምድዶ ይረሳው ነበር።

ያንን ስህተት እንዲያገኘው ግን አንድ ሰው ቀድሞ ቴስቱን መጻፍ አለበት። ሜሴጅ የሚጥል፣ የሚያዘገይ፣ ኔትወርኩን ለሁለት የሚቆርጥ፣ ሰርቨር መሃል ላይ ገድሎ የሚያስነሳ፣ ያ ሁሉ ሆኖ ደሞ የወደቀውን ሙከራ እንደገና አንድ በአንድ መድገም የሚያስችል። ከጻፍኳቸው ፔፐሮች አንዳንዶቹ ይሄን ያህል አላስለፉኝም። በደረጃ እድገቱ ፎርም ላይ ለዚህ ያለው ቦታ የክሬዲት አወር ብዛት የሚሞላበት አንድ ሳጥን ነው፣ ከአስር አመት በፊት የተጻፈ ስላይድ እያነበበ የሚወጣውም እኔም እኩል ነው ምንሞላው።

ጊዜ ይሰርቃል ያላችሁትም ላይ፣ ይሰርቃል አዎ፣ ግን መልሶ ይሰጣል። አንዴ ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ መሪው ሰርቨር ዳታ ለሚያነብ ሰው ከራሱ ሜሞሪ ዝም ብሎ ለምን አይመልስም፣ ሌሎቹን መጠየቅ ለምን አስፈለገው አለችኝ። መልሱ ቀላል ይመስላል፣ መሪው ከስልጣን ወርዶ ሳያውቅ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ አሮጌ ዳታ ይሰጣል። ከዛ ታዲያ ለተወሰነ ጊዜ ማንም አይተካህም የሚል ዋስትና ብንሰጠውስ አለች፣ እሺ ጊዜውን በየትኛው ሰዓት ትለኪዋለሽ፣ የማሽኖቹ ሰዓት እኮ እኩል አይሄድም፣ ምን ያህል ነው ሚለያየው፣ ወዘተ ወዘተ እያልን ክፍለ ጊዜው አለቀ። ሃሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም፣ ሊዝ ይባላል፣ ግን የሰዓቱን መዛባት የተከታተልንበት መንገድ የልጅቷ የማስተርስ ቴሲስ ሆነ፣ እኔም አሁን የምሰራበት ርዕስ ከዛ ነው የወጣው። ቢሮ ዘግቼ ፔፐር ስቆጥር ብውል ይሄን ጥያቄ ማን ይጠይቀኝ ነበር?

መቆጠር የለበትም እያልኩ አይደለም። ምንም ሳይሰሩ ማስተማር በዝቶብኝ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እናውቃቸዋለን። ግን ኮድንም መመዘን ይቻላል እኮ፣ በኛ መስክ ትላልቆቹ ኮንፈረንሶች ከፔፐሩ ጋር የቀረበውን ኮድ አስነስቶ የሚፈትሽ ራሱን የቻለ ኮሚቴ አላቸው። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርስቲ የዚህን ኮርስ ሌክቸርና ላብ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ስለለቀቀው በየሃገሩ ስንቱ ሰው ተምሮበታል፣ ያ ስራ የአንድ ጥሩ ፔፐር ያህል አይመዝንም ሊለኝ የሚችል ካለ ይምጣ እንከራከር። የኔን ላብም የሌላ ዩኒቨርስቲ መምህር አውርዶ ይሞክረው፣ ረብ የለውም ካለ አይቆጠርልኝ፣ ተስማምቻለሁ።

እናንተም በሚቀጥለው ስለ መምህራን ስትጽፉ የፔፐር ደረጃ ሰንጠረዡን ብቻ አታውጡ፣ የትምህርት ክፍል ሃላፊዎችን እዚህ ዲፓርትመንት ውስጥ የላቡን ቴስት ማን ጻፈው፣ ስንት ጊዜስ ፈጀበት ብላችሁ ጠይቁልን፣ መልሱንም እንደወረደ አትሙት።

አንድ የዲስትሪቢዩትድ ሲስተምስ መምህር