የምናነደው እንጨት ከየት ይመጣል?

ለአዘጋጁ፦

በጋዜጣችሁ ስለ ቅዳሜና እሁድ የድንኳን ጉዞ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ወፍራሙ ብርድ ልብስ፣ ለፎቶግራፍ ስለሚመቸው ሰዓት ሳይቀር ተጽፏል። ማታ የሚነደው እንጨት ከየት እንደሚመጣ ግን አልተነሣም። እኔን የሚከነክነኝ ደግሞ እሱ ነው።

ባለፈው ኅዳር ከልጆቼ ጋር ወንጪ ሐይቅ ዳር አደርን። ማደሪያው ትንሽ ነው፤ ከአሥራ አምስት ድንኳን በላይ አይችልም። ከፊት ውሃው፣ ከኋላ ገደሉን ይዞ የሚወጣው ደን። የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት ጭጋጉ ሲገለጥ ብቅ ይላል፣ ሲመለስ ይጠፋል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ ሲመርጣት አልተሳሳተም። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ፀሐይ ከገባች በኋላ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እሳት ምን ያደርጋል የሚል ሰው እዚያ አድሮ አያውቅም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ልጅ በአህያ እንጨት ጭኖ መጣ። የጉዞው አዘጋጅ ሳይከራከር ከፈለው። እሳቱ አልያዝ ሲል ላግዝ ብዬ አንዱን ጉማጅ አነሣሁ። ቅርፊቱን በጥፍሬ ብልጠው እጄን አራሰው። ጫፉ ላይ የአስታ ነጫጭ አበባ ገና አልረገፈም።

አስታ እንደ ባሕር ዛፍ ቶሎ አይደርስም። ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ ግን አዝጋሚ ነው፤ ያ ክንድ የሚያህል ጉማጅ ከልጆቼ በዕድሜ ሳይበልጥ አይቀርም። የበቀለበት ደግሞ ዳገት ነው። ዛፉ ሲነሣ አፈሩ በክረምት ጎርፍ ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

ልጁን አልወቅስም። እንጨቱን የፈለግነው እኛ ነን። ያን ሌሊት በዚያች ጠባብ ሜዳ ላይ ስድስት እሳት ቆጥሬአለሁ፤ አንዱ ለሁላችንም ይበቃ ነበር።

የሚያስቀው፣ በአምቦ በኩል ወደ ወንጪ የሚሄድ ሰው አዲስ ዓለምን ማለፉ ነው። አጼ ምኒልክ የአዲስ አበባ ማገዶ ቢመናመንባቸው መዲናቸውን ሊያዛውሩባት ያሰቧት ከተማ ናት። አዲስ አበባን ባለችበት ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው ይባላል። ዛሬ በዚያው መንገድ ባሕር ዛፍ ተፈልጦ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ይሸጣል። እኛ ግን በአጠገቡ ሽው ብለን አልፈን ሐይቁ ዳር እንደርስና እርጥብ አስታ እናስቆርጣለን።

የጉዞ አዘጋጆች ከመንገድ ሁለት እስር ደረቅ ባሕር ዛፍ ገዝተው መኪናው ላይ ቢጭኑ ምን ይከብዳቸዋል? ያን ሁሉ ድምፅ ማጉያ የተሸከመ መኪና እንጨት አያቅተውም። (ስለ ድምፅ ማጉያው ሌላ ቀን እጽፋለሁ።) ልጁም ከገቢው እንዳይጎድልበት ድንችና ማር ይሽጥልን፣ ፈረስ ያከራየን፤ ለእንጨቱ ያልተከራከርን ሰዎች ለድንቹም አንከራከርም።

ጠዋት ድንኳን ስናፈርስ ግማሹ እንጨት ጠቁሮ፣ ሳይነድ እዚያው ተጋድሞ ነበር። እርጥብ ነዋ።

አንድ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ