ያሸጉብን ሊጥ ሸተተ፦ ለወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ስለታሸገብን ኮሚናል የምጽፍልዎ አምስተኛ ደብዳቤዬ ነው። አራቱ መዝገብ ቤትዎ ገቢ ሆነዋል፤ ቁጥራቸውን ይዣለሁ። የመጀመሪያው ለደንብ ማስከበር ተመራ፣ ሁለተኛው ለሕግ ክፍል፣ ሦስተኛው ዞሮ ወደ እርስዎ። አራተኛውን ቅሬታ ሰሚዋ «ፋይሉ ውስጥ አለ» ብለውኛል፤ ፋይሉ ግን የለም። ስለዚህ አምስተኛውን እኔው ራሴ ለሕዝብ መርቼዋለሁ።

ኮሚናሉን ያውቁታል። ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተተወልን፣ ለዓመታት ግን ባዶ የሲሚንቶ ከረጢትና ድመት ሲያድርበት የኖረው ቤት ነው። የነዋሪው ማኅበር በቃለ ጉባኤ ለድርጅታችን ፈቀደልን፤ ጠረግነው። በሩን ብየዳ ቤቱ በነፃ ሠራልን። ጠዋት ስድስት እናቶች እንጀራ ጋግረው ለሱቆች ያስረክባሉ፤ ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ የ8ኛ እና የ12ኛ ክፍል ልጆች ያጠኑበታል። የሚያስጠኗቸው ሥራ በመፈለግ ላይ ያሉ ተመራቂዎች ናቸው፤ ክፍያቸው ሻይና ትኩስ እንጀራ ነው።

ከእናቶቹ አራቱ የልማት ተነሺዎች ናቸው፦ በ2016 ከፒያሳ፣ በ2017 ከካዛንቺስ። ቤት አግኝተዋል፣ አልካድንም። ዕድራቸው፣ ዕቁባቸውና «ነገ ትሰጪኛለሽ» የምትለው ባለሱቅ ግን በአይሱዙ ተጭነው አልመጡም። እዚህ ዳር አገር ሰው ሲታመም ማንን እንደሚጠሩ እንኳ አያውቁም ነበር። የእኛ ድርጅት የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ ሒሳብ ያዥ ነኝ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ልንገርዎት፣ ጠይቀውኝ ስለማያውቁ። ደረጃው ሥር ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ 20 ብር ትሰጣለች። የታክሲ ተራ አስከባሪዎቹ በወሩ መጨረሻ ያዋጣሉ። ወፍጮ ቤቱ የእናቶቹን ጤፍ በነፃ ይፈጫል። ደረሰኝ ካልተቆረጠላቸው ንቅንቅ የማይሉ አንድ ጡረተኛ አባት አሉን፤ ከእርስዎ ቢሮ ይልቅ እሳቸውን እፈራለሁ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለአስተዳደር ወጪ እስከ 20 በመቶ ይፈቅድልናል፤ እኛ በዚህ ርዕስ ያወጣነው የደረሰኝ ጥራዝ ማሳተሚያና የታክሲ ብቻ ነው።

በየስብሰባው «የተመጽዋችነት አስተሳሰብ ይብቃ» ሲሉን ኖረዋል። በ2017 የአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታ፣ ዩኤስኤድ፣ ሲቋረጥ ስንት ድርጅት ሠራተኛ በተነ! እኛ ዘንድ አንድ ሳንቲም አልጎደለም፤ ገንዘባችን ከዋሽንግተን ሳይሆን ከደረጃው ሥር ነበርና። ያላችሁንን አደረግን። የተሸለምነው እሽግ ነው።

ጥር ውስጥ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ሦስት ደንብ አስከባሪዎች ቁልፍና ወረቀት ይዘው መጡ። ለቅዳሜ የተቦካ ሁለት ትልልቅ በርሜል ሊጥ ውስጥ ነበር። ከእናቶቹ አንዷ «ልጆቼ፣ ሊጡን ብቻ ላውጣ» ብላ ለመነች፤ እጇ ላይ ያለው ሊጥ እንኳ አልደረቀም ነበር። አንደኛው ልጅ መሬት መሬት እያየ «እናቴ፣ እኛ ታዘን ነው» አላት። ቆለፉ። በሩ ላይ የለጠፉት ወረቀት የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ማኅተም አለበት፤ የደብዳቤ ቁጥር ግን የለበትም፣ ምክንያትም የለበትም። በቃል የተነገረን ሁለት ነው፦ ለአንዳችን «ቤቱ ለቢሮ ይፈለጋል»፣ ለሌላችን «ፈቃድ የላችሁም»። እሑድ ሊጡ ገንፍሎ በበሩ ሥር ወጣ፤ ውሻ ሲልሰው አየሁ።

ፈቃዱን በተመለከተ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ድርጅትን የሚመዘግበው የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን እንደሆነ ያውቃሉ። የምስክር ወረቀታችን ቅጂ ከአራቱም ደብዳቤዎች ጋር ተያይዟል። የጋራ መጠቀሚያ የማን እንደሆነም በ1995 ከወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 ጀምሮ ያውቃሉ። የቤቱ ባለቤቶች ናቸው የፈቀዱልን። ለሚያውቁት ሰው ሕግ ማብራራት ስለሰለቸኝ እዚህ ላይ ላቁም።

ይልቅ ስለ ዘይቱ እናውራ። እሽጉ ከመምጣቱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ለገና፣ ከቢሮዎ ባለሙያ መጥቶ «ክቡርነታቸው ማዕድ ሊያጋሩ ነው፣ አንድ ነገር በሉ» አለን። ባለሱቆቻችን ለእኛ ቤተሰቦች ካዋጡት ላይ 30 ባለ 5 ሊትር ዘይት ሰጠን። መርሐ ግብሩ የተካሄደው እዚያው ኮሚናሉ ውስጥ ነው፤ ያኔ ፈቃድ የጠየቀን የለም። ባነሩ ላይ የእርስዎ ፎቶ ነበር፤ የባለሱቆቹ ስም አልነበረም። ካሜራ ፊት ዘይቱን ለአንዲት አሮጊት ሲያስረክቡ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው ተናገሩ፣ አጨበጨብን። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉ ነበር እናቴ፤ እርስዎን ግን አድምቆዎት ነበር። የሠላሳውም ዘይት ደረሰኝ እኔ ዘንድ ነው፣ ከፈለጉ።

ከታሸገ በኋላ በነበረው ቅዳሜ የቡናዋ ልጅ እንደ ልማዷ 20 ብሯን ይዛ መጣች። ወረቀቱን አነበበች። ብሩን ወደ ሽርጧ ኪስ መለሰችና «ሲከፈት እሰጣለሁ» አለችኝ። እኔ ምን ልበላት? ከእሷ በኋላ ተራ አስከባሪዎቹ ቀሩ። አንዱ ወዳጄ በቴሌብር ልኮልኝ «ለወረዳው እንዳትሰጠው» የሚል መልእክት ጨመረበት። ከቤቱ ጋር የታሸገው ሁለት ዓመት ሙሉ በደረሰኝ ያሳደግሁት አመኔታ ነው። እሱን ደግሞ ማንም የሚከፍትበት ቁልፍ የለውም፣ እርስዎም ጭምር።

ልጆቹ አሁን መብራት ባለበት ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለው ያጠናሉ፤ መብራት ሲጠፋ ይበተናሉ። መጻሕፍታቸው ከሊጡ ጋር ተቆልፎባቸዋል።

ማመልከቻ አልጨምርም። ቤቱ ለቢሮ የሚፈለግ ከሆነ በቁጥር፣ በቀንና በፊርማዎ ይጻፉልን፣ የምንሄድበትን እናውቃለን። ካልሆነ በሩን ያስከፍቱ። የሚልኩት ሰው ግን አፍንጫውን ሸፍኖ ይምጣ።

የድርጅቱ ሒሳብ ያዥ