ቺካጎን በአማርኛ፦ ለልጆቻችን መጽሐፍ የድጋፍ ጥሪ

በቺካጎና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

አንድ የጋራ ሥራ ጀምረናል። የከተማችንን ታሪካዊ ቦታዎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚያስረዳ፣ ካርታ ያለው አነስተኛ መጽሐፍ ነው። ጽሑፉ ወደ ማለቁ ነው። የቀረን የማሳተሚያ ገንዘብ ነው።

ሌክ ሾር ድራይቭ ላይ ስንት ዓመት ተመላልሰናል! ከ2021 ጀምሮ ግን መንገዱ የዱሳብልንም ስም ይዟል። ዣን ባፕቲስት ፖይንት ዱሳብል ጥቁር ነጋዴ ነበር። ቺካጎ ገና ከተማ ሳትሆን ወንዙ ሐይቁን ከሚገናኝበት ቦታ ላይ ቤት ሠርቶ ይነግድ ነበር። በ1800 ንብረቱን ሲሸጥ ወፍጮ፣ ዳቦ መጋገሪያና የወተት ቤት ሳይቀር ነበረው። ሐውልቱ ሚሺጋን ጎዳና ላይ፣ ድልድዩ አጠገብ ቆሟል።

በዚያው ጎዳና ወደ ደቡብ ስትወርዱ የጥቁሩን አሳታሚ የጆን ጆንሰንን ሕንፃ ታገኛላችሁ። ጆንሰን በ1942 የእናቱን የቤት ዕቃ አስይዞ 500 ዶላር ተበደረና መጽሔት ጀመረ። ከ3 ዓመት በኋላ ታዋቂው ኢቦኒ መጽሔት ተከተለ። ለልጇ ሥራ መጀመሪያ ዕቁቧን ያወጣች እናት ያለችው ሰው፣ ይህ ታሪክ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

መጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ሰፊውን ቦታ የሰጠነው ግን ለጥቁሩ አብራሪ ለጆን ሮቢንሰን ነው። ለኛ ከሁሉም ይቀርበናል። ሮቢንሰን ቺካጎ የመጣ የመኪና መካኒክ ነበር። መብረር መማር ቢፈልግም የአውሮፕላን ትምህርት ቤቱ ጥቁር ተማሪ አይቀበልም። እሱ ግን እዚያው በጽዳት ሠራተኝነት ገብቶ ትምህርቱን ያዳምጥ ጀመር። ከጓደኛው ከኮርኔልየስ ኮፊ ጋር በሞተርሳይክል ሞተር የምትበር ትንሽ አውሮፕላን ሠሩ። በመጨረሻ ተቀበሏቸው፤ ተመረቁ፤ እዚያው አስተማሪዎች ሆኑ። ጥቁሮችን የሚያስተናግድ የአውሮፕላን ማረፊያ ሲጠፋ ደግሞ ከከተማው በስተደቡብ ባለችው ሮቢንስ የራሳቸውን አቋቋሙ።

በ1935 ሮቢንሰን ወደ ኢትዮጵያ ሄደ። ጣሊያን አድዋን በቦምብ ስትደበድብ እዚያው ነበር። አየር ኃይላችንን በኮሎኔልነት መራ፤ መሣሪያ በሌላቸው አውሮፕላኖች ከአዲስ አበባ ወደ ጦር ግንባር መልእክት አመላለሰ። ከጦርነቱ ሲመለስ ቺካጎ በሺዎች ወጥታ ተቀበለችው። በ1944 እንደገና ሄዶ የኛን ልጆች በረራ አስተማረ። በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ ሕይወቱ አልፎ ጉለሌ ተቀበረ።

እዚህ ከተማ ተወልደው የሚያድጉ ልጆቻችን ይህን ሰው አያውቁትም። ይህ በጣም ያሳዝነናል።

የመጽሐፉ መጨረሻ የራሳችን ሰዎች ታሪክ ነው። ብሮድዌይ ላይ ቀድመው ምግብ ቤት የከፈቱ፣ ሌሊቱን ታክሲ ነድተው ልጅ ያስተማሩ እናቶችና አባቶች ናቸው። አንዳንዶቹ አርጅተዋል። ቶሎ ካልቀዳናቸው የሚያውቁትን ይዘው ይሄዳሉ።

1,000 ቅጂ ለማሳተም፣ ካርታውን ለማሠራትና ልጆቹን ወደ ቦታዎቹ ለሚወስደው አውቶቡስ በጠቅላላው 7,500 ዶላር ያስፈልገናል። እስካሁን 2,900 ተዋጥቷል። 10 ዶላርም ትሁን፣ የአቅማችሁን አዋጡ። ሱቅና ምግብ ቤት ያላችሁ ደግሞ የመዋጮ ሣጥን ብታስቀምጡልን ትልቅ እገዛ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ቆመን በደረሰኝ እንቀበላለን። እያንዳንዱ ወጪ ከነደረሰኙ በጠቅላላ ስብሰባ ይቀርባል።

ገንዘብ ባይመቻችሁ የድሮ ፎቶ አምጡልን። ከመጀመሪያው ሱቃችሁ፣ ከመጀመሪያው ታክሲያችሁ ፊት የተነሣችሁት ካለ ቀድተን ወዲያው እንመልሳለን። እማማን ወይም አባባን ቤት ድረስ መጥተን የምንቀዳበትን ቀንም ንገሩን።