ከደረጃው በፊት ቀኑን አንብቢ

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ።

የደሴት አጥቢ እንስሳትን የጥበቃ ደረጃ የምታጠኚ ከሆነ ማዳጋስካርን ተይው። የሌሙሩ (ዝንጀሮ መሰል እንስሳ) ዓይነት ብቻ ከመቶ ስለሚበልጥ ስትቆጥሪ ጊዜሽ ያልቃል። ክሪስማስ ደሴትን ውሰጂ፤ ከጃቫ በስተ ደቡብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ 135 ካሬ ኪሎ ሜትር የምትሰፋ የአውስትራሊያ ግዛት ናት። በሌላ ቦታ የማይገኙ አምስት አጥቢዎች ነበሯት፤ አንድ ቀርቷታል። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ የአገሬው አይጦች በፍጥነት አለቁ። በ1899 ጥቁር አይጦች ከመርከብ ወረዱ፤ ከ1903 በኋላ ግን የአገሬዎቹን በሕይወት ያየ የለም። የገደላቸው በቁንጫ የሚተላለፍ ትሪፓኖሶማ የሚባል በደም የሚኖር ተሕዋሲ ሳይሆን አይቀርም፤ እኛ አገር ከብቱን በገንዲ የሚገድለው ተሕዋሲ ዘመድ መሆኑ ነው። በ2008 የወጣ ጥናት በሙዚየም የተቀመጡ ቆዳዎችን መርምሮ፣ መርከቡ ከመምጣቱ በፊት በተሰበሰቡት ላይ ተሕዋሲውን አላገኘም፤ በኋላ ከተሰበሰቡት ግን በከፊሎቹ ላይ አግኝቷል።

ሦስተኛው ሽሩ የሚባለው፣ አፍንጫው ሹል የሆነ ነፍሳት በል ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1985 ሲሆን፣ በቀዩ መዝገብ (የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት፣ IUCN፣ የዝርያዎችን ደረጃ በሚያሰፍርበት) «የጠፋ» ተብሎ የሰፈረው በ2025 ነው። አርባ ዓመት! «የጠፋ» ለማለት የመጨረሻው እንስሳ መሞቱ ላይ ምክንያታዊ ጥርጣሬ መኖር የለበትም፤ ስለዚህ መዝገቡ ሁልጊዜ ከጫካው ወደ ኋላ ይቀራል።

ብዙ ልትጽፊበት የሚገባው አራተኛው ነው፤ ከ3 እስከ 4 ግራም የሚመዝን የሌሊት ወፍ። በ1980ዎቹ ብዙ ነበር። በ2009 መጀመሪያ ከ20 እንደማይበልጡ ተገመተ። የቀሩትን ይዞ ለማራባት ፈቃድ የተገኘው በጁላይ ነው፤ ባለሙያዎች ወጥመድና መረብ ይዘው ኦገስት ላይ ሲደርሱ የአንዱ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ሊይዙት አልቻሉም፤ ከኦገስት 26 ሌሊት በኋላ ድምፁ ጠፋ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም፤ ከውጭ የገቡ ጉንዳን፣ እባብ፣ ድመት፣ አይጥና መቶ እግር ይጠረጠራሉ። በእኔ ግምት ጥፋቱ ምክንያቱ እስኪታወቅ መጠበቁ ነው። በዚያው ጊዜ 66 ሰማያዊ ጭራ እንሽላሊቶችን ሰብስበው ማራባት ጀመሩ፤ የነሱም ጠላት ገና በውል አልተለየም ነበር፤ እነሱ ግን ዛሬ አሉ፤ ደረጃቸውም «በዱር የጠፋ» ነው።

የድምፅ መቅረጫ ቁጥር ስታነቢ ተጠንቀቂ። መሣሪያው የሌሊት ወፎቹን አይቆጥርም፣ ያለፈን ድምፅ እንጂ፤ አንዱ አሥር ጊዜ ቢመላለስ አሥር ይመዘግባል። የሚነጻጸረው ያው ቦታ፣ በያው ወቅት፣ በስንት ሌሊት እንደተቀረጸ ነው።

የቀረው ፍሬ በሉ ትልቁ የሌሊት ወፍ ነው፤ በቀንም ይበራል፣ የዛፍ ዘር ይበትናል። በአውስትራሊያ ሕግ ደረጃው «በከፍተኛ ደረጃ ለመጥፋት የተቃረበ» ነው። ሴቷ በዓመት አንድ ብቻ ስለምትወልድ የሞተ ትልቅ ቶሎ አይተካም። በአካላቸው ካድሚየም ተገኝቷል፤ በደሴቷ የሚወጣው የፎስፌት ማዕድን ይጠረጠራል። በደሴቷ ድመቶችን የማጥፋት ሥራ አለ። ለጉንዳኑም በ2016 ከማሌዥያ ጥቃቅን ተርቦች ተለቀዋል፤ ጉንዳኑን ሳይሆን ጣፋጭ ፈሳሽ የሚመግቡትን ጭማቂ መጣጭ ነፍሳት ያጠቃሉ። ብልህ ዘዴ ነው፤ መርዝ ከሄሊኮፕተር እየበተኑ ከመኖር ይሻላል።

ደረጃ ስትጽፊ ቃሉን ብቻ አትገልብጪ፤ የተገመገመበትን ዓመትና መስፈርቱን ጨምሪ። ስፋትን አትመኚው፤ «ለመጥፋት የተቃረበ» ለመባል አንዱ የቀዩ መዝገብ መስፈርት የሚኖርበት ስፋት ከ5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ይሁን ይላል፤ በዚህች ደሴት ብቻ የሚኖር የየብስ እንስሳ ሁሉ ያንን ያሟላል። ስፋቱ ማነሱ ብቻውን አይበቃም፤ እንደ መቀነስ ያለ ሌላ ምልክትም መታየት አለበት። «በከፍተኛ ደረጃ» ለመባል ከሚያበቁት አንዱ በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ፣ ከሁለቱ በረዘመው ጊዜ ውስጥ፣ የቁጥሩ በ80 በመቶ መቀነስ ነው። ግምገማው ከአሥር ዓመት በላይ ከቆየ ደግሞ «ጊዜው አልፎበታል» ብለሽ ጎኑ ላይ ጻፊ።

አባትሽ