ለልጄ፣ አርባ ምንጭ

ልጅዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህ ሰላም ብሎሃል። እህትህ ክፍልህን ወርሳዋለች።

የአርባ ምንጭን ሙቀት ለመድከው? ጎንደር ተወልዶ ላደገ ሰው እንደሚከብድ አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ አጎበር ሳትዘረጋ እንዳትተኛ። እዚያ ወባ አለ። ዶርም ውስጥ ማንም ባይሰቅል አንተ ስቀል።

በደወልኩ ቁጥር «አሪፍ ነው፣ ምንም አታስቢ» ትለኛለህ። ፍሬሽ ተማሪ እንዲህ ሲል ውስጡ ምን እንዳለ ከቃል ኪዳን ልጆቻችን አይቻለሁ። ጎንደር ጤና ኮሌጁ ከተከፈተበት ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ሲቀበል የኖረ ከተማ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ከሩቅ የሚመጡትን ልጆች ከነዋሪው ጋር በቃል ኪዳን ቤተሰብ ማስተሳሰር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ እሁድ እሁድ ቤታችን ማን እንደሚመጣ አንተም ታውቃለህ። አንተ ያየኸው ሳሎን ቁጭ ብለው ሲስቁ ነው። እኔ ጓዳ ገብተው ሽንኩርት እየላጡ የሚያወሩኝን ሰምቻለሁ። ቤታቸው ደውለው እየሳቁ ያወራሉ፣ ስልኩን ሲዘጉት ያለቅሳሉ። አንተ እንዲህ አታድርገኝ። ከከፋህ ከፋኝ በለኝ።

ከትምህርቱ ክብደት በላይ ልጆቹን የሚጥላቸው ጠያቂ ማጣት ነው። ሃይስኩል ስትቀር ዩኒት ሊደሩ ይደውልልን ነበር። ደብተር ይታረማል። ኖቱ ሰሌዳ ላይ ይጻፍላችኋል። ግቢ ውስጥ ግን መምህሩ አንዱን ምዕራፍ በስላይድ አሳልፎ፣ ሞጁሉን አንብቡ ብሎ ይወጣል፣ አለቀ። አነበብክ አላነበብክ የሚልህ የለም። ከሰዓት ክላስ ከሌለህ ቀኑ ያንተ ይመስልሃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲሁ በሻይና በወሬ ያልፋሉ፤ ከዚያ ሚዱ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና)፣ አሳይመንቱ፣ ፕረዘንቴሽኑ ባንድ ሳምንት ይደራረቡና ልጁ «እስካሁን የት ነበርክ?» እንዳይባል ሰው መጠየቅ ያፍራል፣ ቀስ በቀስም ከክላስ መቅረት ይጀምራል።

ማትሪክ ስትፈተኑ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ስላደራችሁ ግቢን የምታውቀው እንዳይመስልህ። ያ ለጥቂት ቀን ነበር፣ ያውም ከክፍል ጓደኞችህ ጋር።

ሌላም አለ። አንተ ከክፍልህ ደረጃ ስትወጣ ኖረሃል። አሁን አጠገብህ የሚቀመጡትም ከየትምህርት ቤታቸው እንደዚያው ሆነው የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ፈተና ላይ መካከል ላይ ብትገኝ ጉብዝናህ የትም አልሄደም። ከቃል ኪዳን ልጆቻችን አንዷ፣ የሶዶዋ ልጃችን፣ የማትስ ሚዷን ውጤት ያየች ጊዜ ቤታችን መጥታ ምሳ አልበላም ብላ ነበር። በኋላ ወረቀቷን ይዛ መምህሩ ቢሮ ሄደች። የቱ ጋ እንደሳተች ቁጭ ብሎ አሳያት። ከዚያ ከሁለት ልጆች ጋር ሆና ማታ ማታ ላይብረሪ መሥራት ጀመረች። አሁን ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች፣ እሷ ራሷ ፍሬሾችን ታስጠናለች።

የጂፒኤን፣ የአማካይ ውጤቱን ነገር ያስረዳችኝም እሷ ናት። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ኤ ካመጣህ 4 በ3 ተባዝቶ 12 ይያዝልሃል፣ ሲ ከሆነ 2 በ3፣ 6 ብቻ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለክሬዲቱ ድምር ይካፈላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሴሚስተር የወረደች ነጥብ እስክትመረቅ ድረስ ወደ ታች ትጎትትሃለች። ዲፓርትመንት ስትመርጡም የፍሬሽ ውጤት ትልቅ ቦታ አለው። «ፍሬሽ ላይ ዘና በል፣ በኋላ ታስተካክለዋለህ» የሚሉህን አትስማ፤ ለማስተካከል ምን ያህል ኤ እንደሚፈጅ አስልተው አያውቁም።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ያልገባህን በዚያው ሳምንት ጠይቅ። መምህራኖቻችሁ ተማሪ የሚያነጋግሩበት ሰዓት ካላቸው እወቀው፣ ከሌላቸውም ከክላስ ሲወጡ ጠብቃቸው። እንግሊዝኛዬ ይሰባበራል ብለህ አትቅር። ሲኒየሮችን ሃንድአውትና የአምናውን ፈተና ጠይቃቸው፣ ግን መልሱን አትሸምድድ፣ አጠያየቁን እየው። ዶርም ውስጥም እንደዚሁ ነው። የጎንደር ልጅ ስታይ ደስ ይልሃል፣ ያለ ነው፤ ከአገርህ ልጆች ጋር ብቻ ከዋልክ ግን በክላስህ ውስጥ ማን ፊዚክስ እንደሚችል፣ ማን እንዳንተ ግራ እንደገባው ሳታውቅ ሴሚስተሩ ያልቃል። አልጋህ አጠገብ ያለውን ልጅ ከየት እንደመጣ ጠይቀው። እሱም አንተ እንድትጠይቀው እየጠበቀ ይሆናል።

ብር በየወሩ እንልካለን። የግቢውን ካፌ ብላ፣ በገንዘብ የሚበላበት ላውንጅ በሳምንት አንዴ ይበቃሃል።

የሶዶዋ ልጃችን ላንተ ብላ ከቤተሰቧ ጋር ተነጋግራለች። ከአዲስ አበባ ስትወርድ ሶዶን አልፈህ ነው የሄድከው፣ ከአርባ ምንጭ ሩቅ አይደለም። እናቷን በስልክ አገናኘችኝ፤ «ልጄን ይዛችሁልኛል፣ ልጃችሁን እኔ እይዛለሁ፣ ሲመቸው ቅዳሜና እሁድ ይምጣ» አሉኝ። ቁጥራቸውን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ከሚዱ በፊት ደውልላቸው፣ ሄደህም እደር። ባዶ እጅህን እንዳትሄድ፣ ቡና ነገር ያዝ። ሚዳችሁ የሚጀምርበትን ቀን ደግሞ ጽፈህ ላክልኝ።

እናትህ፣ ከጎንደር